የፋውስቲና መርዶ

በሩ በተከፈተ ቁጥር ሮማነወርቅ ቀና ትላለች። ከቀብሩ ማግስት፣ ቅዳሜ ነው። ሳሎኑ ወለል ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ሰው ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ እሷም አንገቷን ትነቀንቃለች። ዓይኗ ግን ከሰውየው ኋላ ደረጃው ላይ የቀረ ሰው እንዳለ ይፈልጋል።

«ማንን ነው እንዲህ የምትጠብቂው?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ሰብሊ። ሰብሊ ከታች ፎቅ የምትኖር የረጅም ጊዜ ጎረቤቷ ናት፤ ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ በሩንም ድስቱንም የያዘችው እሷ ናት።

«ማንንም አልጠብቅም።»

«ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው አለ እንዴ? ንገሪኝና ልጄ ኤልዳና ኤርፖርት ትሂድ።»

«ማንም የለም አልኩሽ እኮ ሰብሊ።»

የምትጠብቃት ሴት ፋውስቲና ትባላለች። መልኳን አይታው አታውቅም። ሜክሲኳዊት ትሁን ሳልቫዶራዊት፣ ወፍራም ትሁን ቀጭን አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት የተቀበረው ባሏ ሀብተሥላሴ ይህችን ስም እያነሣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሲስቅ ኖሯል። ከጓደኞቹ ጋር በስልክ ሲያወራ «ፋውስቲና እንዴት አደረች?»፣ «ፋውስቲና በዚህ ሳምንት ሥራ በዝቶባታል» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ለሚስቱ እንደዚያ ስቆላት አያውቅም። አሁን ሞቷል፤ ሴትየዋም ለቅሶ መምጣቷ አይቀርም። ሮማነወርቅ ከሴትየዋ ይልቅ የምትፈራው አብሯት የሚመጣውን ነው። የሀብተሥላሴን ሰፊ ግንባር የያዘ ጎረምሳ ከእናቱ ኋላ ከገባ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መካኗ እሷ እንደነበረች ያን ጊዜ ይለይለታል።

ወንዶቹ በረንዳው በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ካርታ ይጫወታሉ። ከመሃላቸው አድማሱ አለ፤ ከሟቹ ጋር አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ አብሮት በሱዳን በኩል የተሰደደ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው። ለገባው ሁሉ ሟቹን የሚያወድሰው እሱ ነው።

«ሀብቴ ሐሰት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር» አለ አሁንም ለአንድ አዲስ መጤ። «በሕይወቱ አንዲት ውሸት ከአፉ ስትወጣ አልሰማሁም። አንተ ሰምተህ ታውቃለህ ወንዳፍራሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ወንዳፍራሽ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ እየመታ። «ዳኛ መሆን የነበረበት ሰው።»

ለቅሶ ቤት ከሚነገረው ምስጋና እውነት የሚሆነው ጥቂቱ ነው፤ ይሄኛው ግን እውነት ነበር። ሀብተሥላሴ አይዋሽም።

ፒኮ ሮበርትሰን አካባቢ ባለ የሐኪሞች ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ ሃያ ስምንት ዓመት ትኬት ቆርጧል። አዲስ አበባ ታሪክ ያጠና ሰው እዚያ ሳጥን ውስጥ መቀመጡን ለማንም ይቅር አላለም። መኪናውን እዚያ ያቆም የነበረ አንድ ሽማግሌ የሳንቲም ነጋዴ፣ ትኬት ቆራጩ ወፍራም የሮማ ታሪክ ሲያነብ አገኘውና አንዲት የተጫጫረች የብር ሳንቲም ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ነገሥታቱን ግን አልፈለጋቸውም፤ የሰበሰበው ሚስቶቻቸውን ነው። ሰማያዊ ከፋይ በለበሰ ሳጥን ውስጥ አሥራ አራት የሮማ እቴጌዎች ደረደረ። በአንዱ ገጽ የእቴጌይቱ ራስ አለ፣ ጠጉሯ ተጎንጉኖ፣ አፍንጫዋ ቀና ብሎ። በጀርባዋ ደግሞ አንድ ምግባር በሴት አምሳል ተቀርጾላታል፤ ጭምትነት ዓይነ ርግብ ለብሳ፣ ስምምነት ጽዋ ይዛ፣ ታማኝነት የስንዴ ዛላ ጨብጣ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ማጉያ መነጽሩም ይወጣል። ሮማነወርቅ በሳምንቱ ውስጥ ሰው ፊት ጮክ ብላ ስቃ ከሆነ የምትመጣው ጭምትነት ናት።

«ይቺን እያት» ይላታል። «ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንድ ቀን ዓይነ ርግቧን አልገለጠችም።»

ከተከራከረችው ስምምነት ትወጣለች፤ ከገበያ ከዘገየች ታማኝነት። አንድ እሑድ አድማሱና ወንዳፍራሽ ምሳ ተጋብዘው ሳለ ሳንቲሞቹን በየተራ አሳያቸውና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«የሮማ ነገሥታት ሚስቶቻቸውን በብር ሲያስቀርጹ ከጀርባቸው አንድ ምግባር ይጽፉላቸው ነበር። ቆይ ሮማን፣ እኔ ባስቀርጽሽ ከጀርባሽ ምን ይጻፍ?»

ሁለቱ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠበች።

ሳጥኑን እንድትነካው አይፈቅድላትም ነበር፤ «እጅሽ ላብ አለው፣ ብር ያጠቁራል» ይላታል። የእቴጌዎቹን ስም ነግሯት አያውቅም። የሚያስተምራት ጀርባ ጀርባቸውን ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወዳጇ ቦሰና ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከጋርዴና መጣች። በሩ ላይ እንደ ወጉ ጮኻ አለቀሰች፤ «ወይኔ ሀብቴ፣ ወይኔ ጨዋው» አለች። ከዚያ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ወደ ሮማነወርቅ ጆሮ ተጠጋች።

«ሮማንዬ፣ በሐዘንሽ ላይ እንዲህ ማለቴ ነውር መሆኑን አውቃለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ልጄን ልዩን ምጥ ጀምሯታል። ጠዋት ሆስፒታል አስገባናት። የመጀመሪያዋ ስለሆነ ልጄ በጣም ፈርታለች፤ ማርያምን አምጪልኝ ብላ ያዘችኝ። ሶ ድራይቭ አድርጌ መጣሁ፤ ምን ላድርግ?»

ሮማነወርቅ እጇን ወደ ቀሚሷ አንገት ሰደደች። ከማተቧ ላይ በትንሽ ቀለበት የተንጠለጠለች የብር ሳንቲም ፈታች፤ ቆማ ልጅ የታቀፈች ሴት ያለችባት፣ በጣት ብዛት የለሰለሰች። ቦሰና በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመቻት፣ ግንባሯንም አስነካቻት፣ መሐረብ ውስጥ ቋጠረቻትና ተነሣች።

ከካርታው ጠረጴዛ ወንዳፍራሽ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። «ፋውስቲና ዛሬም ሥራ አላት» አለ በቀስታ። አድማሱን የጠጣው ውሃ ትን አለው፤ ጎረቤቱ ጀርባውን መታለት።

በቀስታ ነበር የተባለው፤ ግን ያቺን ስም ሮማነወርቅ በእንቅልፏም ውስጥ ትሰማታለች። ለካ ሥራ ላይ ናት፤ ለካ ያልመጣችው ስላልተነገራት ነው። እነዚህ ሰዎች የት እንዳለች እያወቁ ለሴትየዋ መርዶ አልነገሯትም።

ሳንቲሟን ሀብተሥላሴ የሰጣት በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ያኔ ሳጥኑን አይታው አታውቅም፤ እቴጌ ያለችበት ብር መኖሩንም አልሰማችም። በወረቀት የተጠቀለለች ነገር መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ፈታችው። ልጅ የታቀፈችውን ሴት አየች፣ በዙሪያዋ ያሉትን ፊደላት በጣቷ ዳሰሰች።

«ምን ይላል?»

«ላቲን ነው። ፍሬያማነት ይላል።»

ፍሬ! ከልጅነቷ ጀምሮ በየማለዳው የምትደግመው፣ «ቡሩክ ፍሬ ከርሥኪ» የሚለው ጸሎት አፏ ላይ መጣ። ሳንቲሟን ገለበጠች።

«ይቺስ?»

«ንግሥት ናት።»

«ንግሥተ ሰማይ!» ብላ ሳመቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከየት አገኘሃት ሀብቴ? ከሮማ ናት? ጴጥሮስና ጳውሎስ ካረፉበት?»

«ከሮማ ናት።»

አተኩሮ ተመለከታት። ምን ዋሸ? ምንም አልዋሸም። በማግስቱ ብር ሠሪ ዘንድ ወስዶ ማንጠልጠያ ቀለበት አስበጀላት።

መጀመሪያ የተዋሰቻት ሰብሊ ናት፤ ኤልዳናን አምጣ አልወለድ ባለቻት ጊዜ። ሳንቲሟ አንገቷ ላይ ባረፈች በአንድ ሰዓት ኤልዳና ዱብ አለች። ሰብሊ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በፌርፋክስና በጋርዴና ሰፈሮች መካከል አሥራ አንድ ልጅ በ«የሮማን ማርያም» ተወልዷል። ሮማነወርቅም አብራ ትጠራለች፤ ምጥ የያዛት ሴት ራስጌ ቆማ «ማርያም ማርያም» ስትል ይቀናታል ተብሎ ይታመናል። እሷም ታምን ነበር። የሰው ልጅ ስትቀበል እጇ አይንቀጠቀጥም።

ለራሷ ግን አልቀናትም። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አጥታለች። ሁለተኛዋ ሰባት ወር የሞላት ሴት ልጅ ነበረች፤ ድምፅ ሳታሰማ ወጥታ ድምፅ ሳታሰማ ተወሰደች። ሀብተሥላሴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እሷ ሳንቲሟን ጨብጣ ታለቅሳለች።

«ስንቱን ልጇን ቀብራ አንገቷን ቀና አድርጋ የኖረች ሴት አውቃለሁ» አላት።

«ማናት?»

«ፋውስቲና ትባላለች።»

ያንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው እንዲያ ነው፤ ደሟ ገና ሳይደርቅ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችውም። ባሏ ሴት እንዳለችው፣ ያቺም ሴት መውለድ እንደምትችል ገባት። ስትድን አውቶቡስ ተሳፍራ ፓርኪንጉ ድረስ ሄደች። ከእሱ ጋር ተራ የምትገባ፣ ትልልቅ የጆሮ ጌጥ ያደረገች ሴት የመስታወቱ ሳጥን ውስጥ አገኘች። «ፋውስቲና?» አለቻት። ሴትየዋ ስቃ ራሷን ነቀነቀች፤ ደረቷ ላይ የተሰፋውን ሌላ ስም በጣቷ አሳየቻት። ሮማነወርቅ አላመነችም። «ካደችኝ» አለች በልቧ፤ ምንም የማታውቀውን ሴት አሥራ ምናምን ዓመት ጠላቻት።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ በየማለዳው ሳንቲሟን በመዳፏ ጨብጣ ሌላ ልመና ጨምራለች፤ «እመቤቴ፣ ፋውስቲናን ከቤቴ አውጪልኝ።»

እሑድ ሠልስቱ ነው። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ሲጎርፍ ሮማነወርቅ ኤልዳናን በእጇ ጠቅሳ መኝታ ቤት አስገባቻት፣ በሩንም ዘጋች። አልጋው ላይ የእንግዶች ካፖርትና ቦርሳ ተከምሯል። ኤልዳና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሮማን ማርያም የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ መሆኗን ከፊደል በፊት ነው የተነገራት።

ሮማነወርቅ የባሏን ስልክ ከትራስ ሥር አወጣች። መክፈቻ ቁጥሩን ደብቋት አያውቅም፤ እሷም ከፍታው አታውቅም። የምታገኘውን ትፈራ ነበር።

«መነጽሬን ቀብር ላይ ሰው ረገጠብኝ» አለቻት። «እዚህ ውስጥ ፋውስቲና የምትባል ሴት ፈልጊልኝ። ስታገኚያት ደውይላት። እንግሊዝኛም ይሁን ስፓኒሽ በሚገባት ንገሪያት፤ ሞቷል በያት፣ ሠልስቱ ዛሬ ነው በያት። ልጅ ካላት ይዛው ትምጣ። የሚያስወጣት የለም።»

«እትዬ ሮማን፣ ማናት እሷ?»

«ፈልጊ ብቻ።»

እንዲህ ለማለት ሁለት ሌሊት ፈጅቶባታል። ኩራትም አለበት፣ ክፋትም አለበት፤ እዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በሩን ማየት ግን ሰልችቷታል። ትምጣና ይለይ።

ኤልዳና ስሙን ጻፈች። ስልክ ቁጥር አልወጣም። የወጣው ከአድማሱና ከወንዳፍራሽ ጋር ለሦስት የሚጻጻፉበት መልእክት ነው፤ ረጅም፣ የዓመታት። አውራ ጣቷን ወደ ላይ እየገፋች ሄደችና አንድ ፎቶ ላይ ቆመች። ፊቷ ተለወጠ።

«አገኘሻት?»

«ፎቶ አለ። የአንቺ ፎቶ ነው።»

የወንዳፍራሽ የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ የተነሣ ነው። ሮማነወርቅ ሕፃኑ ላይ ጎንበስ ብላለች፣ ሳንቲሟ ከአንገቷ ወደ ፊት ተንጠልጥላለች። ከሥሩ ጽሑፍ አለ።

«አንብቢው።»

ኤልዳና አማርኛ ማንበብ የተማረችው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እንደ ሕፃን ፊደል በፊደል እየለቀመች ነው የምታነበው፤ የቃሉ ትርጉም የሚገባት ካፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ፋ… ውስ… ቲና… ዘጠ… ነኛዋን… አዋ… ለደች። ይሄን የጻፈው ጋሼ ሀብተሥላሴ ነው። ከዛ… ጋሼ አድማሱ… ንገ… ራት እንጂ… አንተ ሰው… ኃጢ… ኃጢአት ነው። የሚስቅ ፊት አለው። ከዛ ጋሼ ሀብተሥላሴ… ምን… ዋሸሁ? ፍሬ… ያማነት ይላል… ብያ… ታለሁ። ማር… ያም… ያለችው… እሷ።»

አቆመች።

«ቀጥዪ።»

«እትዬ ሮማን…»

«ቀጥዪ አልኩሽ።»

«ኤል… ዳና… የፋውስ… ቲና… በኩር…» ኤልዳና የራሷን ስም ካነበበች በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። ወደ ታች ወረደች። የመጨረሻው ከሞተበት ሆስፒታል የተጻፈ ነው፤ ከዐሥር ቀን በፊት። «ትና… ንት… አልጋዬ አጠገብ… ፋውስቲናን… ጨብጣ… ስትጸ… ልይልኝ ነበር። ሳቄን… ለመያዝ… ኦክስጅኑን… ሳብኩት።»

ከሥሩ ሁለት ሰዎች ዘጠኝ ዘጠኝ የሚስቅ ፊት ልከዋል።

ሮማነወርቅ ካፖርቶቹ ላይ ተቀመጠች። ኤልዳና በራሷ ስልክ ስሙን ፈለገች፤ ጣቶቿ እየተሳሳቱ።

«ኦኬ፣ ሰው አይደለችም። ማለቴ፣ ሰው ነበረች። ሮማን ኤምፕረስ ናት።»

«ሮማን እኔ ነኝ።»

«አይ፣ የሮማ… እቴጌ። ከሺህ ስምንት መቶ ዓመት በፊት ሞታለች። አንገትሽ ላይ ያለችው እሷ ናት፣ በዚህ በኩል። በዛኛው በኩል ያለችው ልጅ የያዘችው ደግሞ… ማርያም አይደለችም። መውለድ ማለት ነው። መውለድን እንደ ሴት አድርገው ሣሉት። እዚህ አሥራ ሦስት ወይ አሥራ አራት ልጅ ወልዳ አብዛኞቹ ሞተውባታል ይላል። አይ አም ሶ ሶሪ እትዬ ሮማን።»

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሴት የለችውም። ልጅ የለውም። በሩን ከፍቶ የሚገባ ጎረምሳ የለም። ይህ ደስታ ሁለት ጊዜ እስክትተነፍስ ቆየላት። ከዚያ ሌላው መጣ። ሀብተሥላሴ ከእሷ ሌላ ሴት አልነበረውም፤ ሲስቅ የኖረውም በእሷው ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ፋውስቲናን ከቤቴ አውጪልኝ እያለች የለመነችው ፋውስቲናን ነው። እሱ አጠገቧ ተኝቶ ይሰማት ነበር። አድማሱ ያውቅ ነበር፣ ወንዳፍራሽ የልጅ ልጁን ሲያስታቅፋት ያውቅ ነበር። ማልቀስ አልመጣላትም። ተናደደች። ተነሥታ መቃብሩን በእጇ ብትቆፍረው ወደደች፤ ሬሳውን ቀና አድርጋ አንዲት ቃል ብትጠይቀው።

በሩ ተንኳኳና ሰብሊ ስልክ ይዛ ገባች።

«ቦሰና ናት። ልዩ ጸንቶባታል፣ አንቺን አገናኙኝ እያለች ነው።»

ሮማነወርቅ ስልኩን ተቀበለች። ቦሰና ትጮኻለች።

«ሮማንዬ! ከትናንት ጀምሮ ነው እኮ፣ ልጄ አለቀች! አሁን ግፊ ብለዋታል፣ አቅም የለኝም ትላለች። ማርያምን በእጇ ጨብጣ እትዬ ሮማን ትጥራልኝ እያለች ነው። ስፒከር ላይ አድርጌሻለሁ፣ ጥሪላት!»

ከኋላ የልዩ ድምፅ ይሰማል፤ ቃል የሌለው፣ የደከመ።

ሮማነወርቅ አፏን ከፈተች። አሥራ አንድ ጊዜ ያለችው ስም ነው፤ ዛሬ አልወጣም። ብትጠራ ማን እንደሚሰማት አላወቀችም። ያቺ ልጅ ደግሞ እዚያ አልጋ ላይ የሰው ቀልድ ጨብጣ ታምጣለች። ጣዪው ብትላት ምን ይተርፋታል?

«ቦሰና» አለች በመጨረሻ። «ከእጇ እንዳታወጪባት። ትያዛት።»

ከዚያ በአንድ እጇ የቦሰናን ድምፅ፣ በሌላው የባሏን ስልክ ይዛ ወጣች። ሐዘንተኛ በሠልስቱ ወንዶች ጋ አትሄድም፤ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ቀጥ ብላ ካርታው ጠረጴዛ ዘንድ ደረሰች። ቦሰና ያለችበትን ስልክ ካርታው መሃል አስቀመጠችው። የባሏን ስልክ ደግሞ ፎቶው እንደተከፈተ አድማሱ ፊት ዘረጋችው።

አድማሱ አየ። ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገውም፤ ራሱ የጻፈው ነው።

«ጥራላት» አለችው።

ሠላሳ ዓመት አንቱ ስትለው ኖራለች፤ ጋሼ አድማሱ እርስዎ ስትለው።

«ሮማነወርቅ፣ ይሄ… ቀልድ ነበር። ክፋት አልነበረበትም።»

«ምጥ የያዛት ልጅ እየሰማችህ ነው። ማርያምን ጥራላት። ወይስ በሌላ ስም ነው የምታውቃት?»

«ምን ሆና ነው?» አለ አንድ ሽማግሌ። ወንዳፍራሽ ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወለሉን ያያል።

«ተነሥ አድማሱ።»

አድማሱ ተነሣ። የያዘው ካርታ ከእጁ ተበተነ። አላሳዘናትም።

«ማርያም…» አለ።

«ጋርዴና ነው ያለችው። ጮክ በል።»

«ማርያም! ማርያም!»

«አንተም» አለች ወደ ወንዳፍራሽ ዞራ። «የልጅ ልጅህ ሲወለድ የጠራሁልህ እኔ ነኝ።»

ወንዳፍራሽ ተነሣ። ሁለት ሽማግሌዎች በተበታተነ ካርታ ላይ አጎንብሰው፣ ሴት ብቻ የሚጠራውን ጥሪ በጎርናና ድምፅ ጠሩ። ምን እንደተፈጠረ ያላወቁት ሌሎቹ ወንዶች ግራ ቀኝ ተያዩና አንድ በአንድ ተከተሉ፤ እነሱ ከልባቸው ነበር። ከዚያ ሴቶቹ። ኤልዳና መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ትጠራለች። ክፍሉ በሙሉ «ማርያም ማርያም» ሲል ዝም ያለችው ሮማነወርቅ ብቻ ናት፤ እጆቿን ጥቁር ቀሚሷ ላይ አድርጋ የአድማሱን አፍ ትመለከታለች። ባቆመ ቁጥር «ቀጥል» ትለዋለች። ላብ ከግንባሩ ወርዶ ካርታው ላይ ተንጠባጠበ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ ማንም አልቆጠረም። ከስልኩ አንድ ረጅም ጩኸት ወጣ፤ ከዚያ ምንም። ክፍሉም ዝም አለ። ሮማነወርቅ ያንን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ሰባት ወር የሞላት ልጇ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው የሄደችው። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

ሕፃን አለቀሰ።

«ሴት ናት!» አለች ቦሰና። «ሮማንዬ ሴት ናት! ደህና ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

ጋርዴና ላይ ቦሰና ብቻዋን እልል ስትል በስልኩ ተሰማ። እዚህ ያሉት ሴቶች አፋቸው ድረስ የመጣውን ዋጡት፤ ለቅሶ ቤት ነው፣ ከግድግዳው ላይ ሟቹ በጥቁር ሪባን ታስሮ ያያቸዋል። አንዷ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች፣ በሹክሹክታ።

ሮማነወርቅ ቀና አለች። ጥቁር ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወደ ትከሻዋ ወረደ። አገጯን አነሣችና እልል አለች።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። አንዲት አሮጊት አማተበች። ሰብሊ በሰው መሃል እየተጋፋች ደረሰችባት።

«ሮማን! ሠልስቱ ነው እኮ! ባልሽ ነው እኮ! ሰው ምን ይላል?»

ሁለተኛውን እልል አለች፤ ከመጀመሪያው የረዘመ፣ ጉሮሮዋን የቧጠጠ። ሰብሊ በግራ እጇ ትከሻዋን አቅፋ ቀኝ መዳፏን አፏ ላይ ጫነችባት። ለሴት ልጅ ሦስት ነው የሚባለው። ሦስተኛው በሰብሊ ጣቶች መሃል ወጣ።